የታጠነ ውሃ

በ1961 ዓ.ም. በየካቲት ወር አንዲት ጠላ ሻጭ ከመርሳ በጭነት መኪና ተሳፍራ ወልድያ መጣችና፣ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ጠርሙስ ጠላ አስቀመጠች።

«ይቅመሱት» አለችኝ።

«በሥራ ሰዓት አልጠጣም።»

«ማን ጠጡ አለዎት? ቅመሱ ነው ያልኩ። ቀምሰው መትፋት ነው።»

ከጎንደር ጤና ኮሌጅ በሳኒታሪያንነት ተመርቄ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሰባት ወር ሆኖኝ ነበር። ሥራዬ የውሃ ጉድጓድ፣ መጸዳጃ ቤትና ሥጋ ቤት መቆጣጠር ነው፤ ጠላ ቅመስ ያለኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ቀመስኩት። ጌሾው አለ፣ ብቅሉም አለ፤ ከሁለቱ በታች ግን ምላስ ላይ የሚለጠፍ፣ በአፍንጫ ተመልሶ የሚወጣ ሌላ ነገር ነበረበት። በመስኮት ተፋሁት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«እሱን እርስዎ ይወቁት፤ የተማሩት እርስዎ ነዎት። እኔ ትርንጎ እባላለሁ። ሃያ ዓመት ጠላ ስጠምቅ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ጋኑን ሦስት ጊዜ አጠንኩት፤ አልለቅ አለ። የመርሳ ወጠጤ ሁሉ 'የትርንጎን ጠላ የጠጣ ያለ መኪና ወልድያ ይገባል' እያለ ይስቅብኛል። ጥፋቱ የጠላው አይደለም፤ የውሃው ነው።»

«ውሃውን ከየት ነው የሚቀዱት?»

«ሰፈሩ ሁሉ ከአንድ ጉድጓድ ነው የሚቀዳ፤ ከረሂማ ግቢ።»

ረሂማ ማን እንደሆነች ስጠይቃት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ሽታው የምን ይመስልዎታል ብላት ሰማሁዎት ሳትለኝ ወጣች። ጠርሙሱን እንኳ አልወሰደችም።

አለቃዬ ጠርሙሱን አሸተተና «የላምባ ጠርሙስ ቢሆንስ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሊሆን ይችል ነበር። በገጠር አንድ ጠርሙስ ዛሬ ላምባ፣ ነገ አረቄ፣ ከነገ ወዲያ ማር ይያዝበታል። «ለማንኛውም ሄደህ እይ። ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን ነው ያለው፤ 'ንጹሕ' እና 'የተበከለ'። አንዱ ላይ ምልክት አድርገህ ና።»

እንደ ደንባችን፣ ሐሙስ እንደምመጣ የሚገልጽ ደብዳቤ ለሰፈሩ ጭቃ ሹም ጻፍኩ። ደንቡ የቢሮ ቢሆንም ለእኔ እንግዳ አልነበረም። ሳያሳውቁ ሰው ግቢ ዘው ማለት ነውር መሆኑን ከአምባሰል፣ ካደግሁበት ቤት፣ ይዤው የወጣሁት ነው።

የረሂማ ግቢ ከዋናው መንገድ ወደ ወንዙ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነው። መንገዱ ዳር የቤንዚን ማደያው አለ፤ ከማደያው በላይ፣ ዐርባ እርምጃ ያህል ወጣ ብሎ፣ ትምህርት ቤቱ። ከማደያው በታች መቶ ኀምሳ እርምጃ ወርዶ የረሂማ ቤት፤ ከእሷ በታች ወንዙ። ይህን ሁሉ ያን ቀን ያየሁት እንደማንኛውም መንገደኛ ነው፤ ዐይኔ አርፎበት አለፈ።

ረሂማ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል የሚሆናት፣ ረዥም፣ ንግግሯ ቁጥብ ሴት ናት። ደብዳቤው ደርሷት ግቢዋን አጥርጋ ጠበቀችኝ። ጉድጓዱ በድንጋይ የተከበበ፣ የእንጨት ክዳን ያለው፣ ሦስት ሰው ቁመት ያህል የሚጠልቅ ነው። ራሷ ቀዳችልኝ፤ ከባልዲው ወደ ማሰሮ፣ ከማሰሮው ወደ ጣሳ። ወደ አፌ ሳስጠጋው የወይራ ጭስ ሸተተኝ። ደስ አለኝ። ለእንግዳ የሚቀርብ ዕቃ በወይራ ጭስ ሳይታጠን አይቀርብም፤ እናቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር። ጠጣሁ፤ ደገመችልኝ፤ እንደገና ጠጣሁ። ለምርመራ ያመጣሁትንም ጠርሙስ ከዚያው ማሰሮ ሞላሁ።

ከዚያ ሰባት ቤት ዞሬ ጠየቅኩ። ሦስቱ ቤት «ውሃችን ምን ሆነ? እንደ ማር ነው» አሉኝ። አንዷ ሴት «ትንሽ መድኃኒት መድኃኒት ይላል» ብላ ጀመረችና፣ አማቷ ቀና ብላ ስታያት «ያው ከእኔ አፍ ይሆናል» ብላ ተወችው። አንድ ሽማግሌ ደግሞ የሚሸተው ውሃው ሳይሆን የመንግሥት ሰው አፍንጫ ነው አሉኝ። የቀሩት ሁለቱ ቤት ትላንት ይሸት ነበር፣ ዛሬ ግን አይሸትም አሉ። ማስታወሻዬን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ውሃ፣ አራት ዓይነት መልስ።

በዚያ አካባቢ እንዲህ የሚሸት ነገር የሚገኝበት ቦታ ማደያው ብቻ ስለሆነ ወደዚያ ወጣሁ። ኃላፊው አቶ በላይ ዐርባ ዓመት ያለፈው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ጥንቁቅ ሰው ነው። ጥያቄዬን በትዕግሥት ሰማኝ።

«አቶ ካሳሁን፣ የትምህርት ቤቱ ጉድጓድ ከታንከሬ ዐርባ እርምጃ ነው። ሄደው ያሽቱት። የእኔ ቤንዚን ቢፈስ ኖሮ ቅርቡን ትቶ ሩቁን ያበላሻል?»

ሄጄ አሸተትኩት። ንጹሕ ነው። ተማሪዎቹ እየሳቁ ጠጡልኝ።

ስመለስ አቶ በላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይልቅ እውነቱን ልንገርዎት» አለኝ። «ከመሬት በታች የተቀበረው ታንከር ከመስከረም ጀምሮ ይጎድላል። ማታ ቆልፌ ስሄድ በዘንግ እለካለሁ፤ ጠዋት ስከፍት እለካለሁ። አንድ ጣት፣ አንዳንዴ ሁለት ጣት ይጎድላል። የክዳኑ ቁልፍ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም። ታዲያ ዘበኛው እዚያው ላይ ተኝቶ ሳለ ማን ይወስደዋል? ጅብ ቤንዚን ይጠጣል?»

«ዘበኛው ማነው?»

«ጀብሪል። ስድስት ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው ነው። ውሃዋን ያዩላት የረሂማ ባል።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ጀብሪል ከታሰረ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ሌላ ቁልፍ አስቀርጾ ቤንዚኑን እየቀዳ ውርጌሳ ላይ ለሹፌሮች ይሸጣል ተብሏል። በሰፈሩ ሽማግሌ በሼህ አብዱሰመድ ሰብሳቢነት ሰፈሩ ሌባውን ለማውጣት ሁለት ቀን አውጫጭኝ ተቀምጦ ነበር፤ ወፍ የሚሉት ምስጢር አውጪ ግን አልተገኘም። ቤንዚኑን የደበቀበትም ቦታ አልተገኘም። ቢገኝም ባይገኝም በመጋቢት ዐሥር ወልድያ ፍርድ ቤት ይቀርባል። አምስት ልጆች አሉት።

«ክፉ ሰው አልነበረም» አለ አቶ በላይ። «እኔም ክፉ አይደለሁም። ኩባንያው ግን ለጎደለው የሚጠይቀው እኔን ነው።»

አመንኩት። ዛሬም አምነዋለሁ።

ውርጌሳ ድረስ ወርጄ ሹፌሮችን ጠየቅኩ። ከጀብሪል ገዛሁ ያለ ሰው አላገኘሁም፤ የገዛ ሰው አውቃለሁ የሚል ግን ብዙ ነበር። አንዱ ወደ ሌላው ሲመራኝ ውዬ፣ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ሰው ዘንድ ተመለስኩ።

ወልድያ ገብቼ ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። የትርንጎ ጠላ አሁንም ይሸታል። የእኔ ውሃ ወይራ ወይራ ይላል። አለቃዬ ቅጹን ጠየቀኝ፤ ሁለቱም ሳጥን ባዶ ነበር።

«ውሃዋ ትሸታለች ወይስ አትሸትም?»

«አላወቅኩም።»

«አላወቅኩም የሚል ሳጥን የለንም» አለኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ደብዳቤ ጽፌ እንደገና ሄድኩ። እንደገና ግቢው ተጠርጎ፣ ማሰሮው ታጥኖ፣ ረሂማ ቆማ ጠበቀችኝ። እንደገና ጠጣሁ፤ እንደገና ጥሩ ነበር። ስመለስ ትርንጎ ከደጇ ላይ ሆና እያየችኝ ትስቃለች።

«ምን ያስቅዎታል?» አልኳት፤ ተናድጄ ነበር።

«ደብዳቤ ጽፈው፣ ቀን ቆርጠው ይመጣሉ። ለእንግዳ ያላጠነች የመርሳ ሴት አይተው ያውቃሉ? የላዩንስ ውሃ ደፍታ ከሥር ሳትቀዳ ለእንግዳ የሰጠች አይተው ያውቃሉ? እርስዎ የሚጠጡት የእንግዳ ውሃ ነው። የእኛን ውሃ ከፈለጉ ሳይጽፉ ይምጡ፤ ያውም ውሃ መቅዳት ሳይጀመር።»

«ታዲያ ይህን ወልድያ በመጡ ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

ሳቋ ጠፋ። «የሽታውን ስም ብጠራው ጀብሪልን ማስፈረዴ ነው። ጎረቤቴ ነው እኮ። ጠላዬም ይዳንልኝ፣ ጀብሪልም አይፈረድበት ብዬ ነው ወደ እርስዎ የመጣሁ። አንድ ነገር ያውቃሉ ብዬ።»

ያን ቀን መርሳ አደርኩ። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ረሂማ አጥር ላይ ደርሼ «እንደምን አደራችሁ» አልኩ። ረሂማ ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ ብላ ነበር። በቅል የባልዲውን የላይ የላዩን እየቀዳች ጌሾው ሥር ትደፋለች። ከግቢው ጌሾ ግማሹ መድረቁን ሁለቱንም ጊዜ አይቼ፣ በጋ ነው ብዬ አልፌው ነበር። ድምፄን ስትሰማ ቅሉ ከእጇ ወደቀ።

ወደ ባልዲው ቀረብኩ። ሽታው ገና ከሩቁ አገኘኝ። ውሃው ላይ ቀጭን ቆዳ ተንሳፍፎ፣ በጠዋቱ ብርሃን ሐምራዊና አረንጓዴ እየሆነ ይዞር ነበር። በጣሳ ትንሽ ቀዳሁና ራቅ ወስጄ ክብሪት ጫርኩበት። ሰማያዊ ነበልባል ውሃው ላይ ብድግ ብሎ ሄደና ጠፋ።

«ያ አላህ» አለች ረሂማ። ውሃ ሲነድ አይታ አታውቅም፤ እኔም አይቼ አላውቅም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከታኅሣሥ። ጀብሪል ከመታሰሩ በፊት። ጌታው፣ ባሌን ቤንዚን ሰረቀ ብለው ይዘውታል፤ የት ደበቀው ብለው ይፈልጋሉ። ቤንዚኑ ከእኔ ጓሮ ሲወጣ ያየ ሰው ምን ይላል? ለዚህ ነው። ጎረቤቶቼም ለዚህ ነው ዝም ያሉ። እርስዎን ለማታለል አልነበረም።»

«እሱ ቀብሮት ይሆን?» ብዬ ጠየቅኳት። መጠየቅ ነበረብኝ።

«ወላሂ አላውቅም» አለች። ይህን ስትል ዐይኗን ወደ መሬቱ አደረገች፤ እሷም ግራ እንደገባት አየሁ። ባሏን ታምነዋለች፤ ጉድጓዷን ደግሞ ታሸተዋለች።

«ይህን መጻፍ አለብኝ። ልጆች ይጠጡታል።»

«አይጻፉት።»

«የምጽፈው የተገኘበትን ቦታ ነው። ማን እንዳስቀመጠው አልጽፍም፤ አላውቅማ።»

«እርስዎ የተገኘበትን ይጽፋሉ» አለች ረሂማ። «እነሱ ያስቀመጠውን ይጨምሩበታል።»

እንዳለችውም ሆነ። ሪፖርቴን ለጤና ጣቢያው በጻፍኩ በሦስተኛው ቀን ግልባጩ ፖሊስ ጋ ደርሶ፣ ሃምሳ አለቃው ስድስት ሰው በአካፋና በዶማ ይዞ ረሂማ ጓሮ ገባ። እኔም «ያገኘው እሱ ነው» ተብዬ ተጠራሁ። ሰፈሩ አጥሩ ላይ ተደርድሮ ያየኝ ነበር። ከዚያ በፊት ውሃ ያቀረበችልኝ አንዲት ሴት ፊቷን አዞረችብኝ።

ጀብሪልን አንድ እጁን ከፖሊስ ጋር አቆራኝተው አመጡት። አጠር ያለ፣ ጢሙ ሽበት የጀመረው፣ ጫማው የማሰሪያ ክር የሌለው ሰው ነው። ከጉድጓዱ አምስት እርምጃ ላይ፣ ወደ ማደያው በኩል፣ ሲቆፍሩ ውለው አንድ ሰው ቁመት ሲወርዱ አፈሩ መልኩን ለወጠ፤ ቀይ የነበረው ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። ሁለት ሰው ቁመት ሲደርስ ሽታው ቆፋሪዎቹን አስወጣቸው። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። ጀብሪል ወደ ጉድጓዱ አጎንብሶ አየና ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ረሂማ፣ ይህን ሁሉ ስደብቅ የት ነበርሽ?»

አጥሩ ላይ ያሉት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

በርሜል ግን አልተገኘም። ሃምሳ አለቃው በርሜሉን አውጥቶ ሸጦታል አለ። አቶ በላይ ደግሞ በርሜል ሳይኖር በቀጥታ ገልብጦት ይሆናል አለ። «ሰርቆ መሬት ላይ ይደፋዋል እንዴ?» ብሎ አንድ ሰው ከአጥሩ ጮኸ።

ሲጋራ የያዘ ሰው እንዳይጠጋ ነግሬ በገመድ ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ ራሴም በደንብ አላውቅም፤ በእኔ ጽሑፍ የተቆፈረ ጉድጓድ ስለሆነ ይሆናል። ወዲያው ራሴን አዞረኝ። ግድግዳውን በእጄ ዳሰስኩት። በወንዙ በኩል ያለው እስከ ታች ድረስ ደረቅ ነው፤ የአፈር ሽታ ብቻ አለው። በማደያው በኩል ያለው ግን ወደ ታች እርጥብ ነው፤ በጣቴ ስጫነው የሚያብረቀርቅ ነገር እንደ ላብ ይወጣል። ጎትተው አወጡኝና ጌሾው ሥር አስታወከኝ።

«ከዳገቱ ነው የሚመጣው» አልኩ አፌን እየጠረግኩ። «እዚህ የተደፋ ቢሆን በአራቱም በኩል በሆነ ነበር፤ ከላይም ወደ ታች ይጀምር ነበር። ይህ ከሥር ነው፤ ከማደያው በኩል ነው።»

አቶ በላይ ፊቱ ቀላ። «የትምህርት ቤቱን ጉድጓድ ረሱት እንዴ? ዐርባ እርምጃ ነው እኮ!»

ያን ጊዜ ነው ወደ ቁልቁለቱ ያየሁት፤ ትምህርት ቤት፣ ማደያ፣ ረሂማ፣ ወንዝ።

«ትምህርት ቤቱ ከታንከሩ በላይ ነው፤ ረሂማ በታች ናት። ውሃ ሽቅብ አይሄድም።»

«ከመሬት በታች ያለውን ማን አየው? እርስዎ አይተውታል?»

አላየሁትም። ኮሌጅ የተማርኩት በሰሌዳ ላይ በቀስት የተሳለ ውሃ ነው። ስለዚህ በማደያውና በጓሮው መካከል ሌላ እንዲቆፈር ለመንኩ። ሃምሳ አለቃው ፈቀደ። ግማሽ ቀን ተቆፍሮ ደረቅ ሸክላ አፈር ብቻ ወጣ፤ ምንም ሽታ የለው። አቶ በላይ እጁን አጣጥፎ ቆመ። ዐሥር እርምጃ ወደ ግራ ሄደን ሦስተኛ ስንቆፍር ግን በሁለት ሰው ቁመት ያው ጥቁር ሰማያዊ አፈር ወጣ። ለምን አንዱ ኖሮት ሌላው እንዳልነበረው ልክ ማስረዳት አልቻልኩም፤ ሸክላው አያሳልፈው ይሆናል አልኩ። ያመነኝም ያላመነኝም ነበረ። ጀብሪልም ራሱ ያላመነኝ መሰለኝ።

ሼህ አብዱሰመድ እስከዚያ ድረስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ሲያዞሩ ነበር። ቀና አሉ።

«በላይ፣ የታንከርህ ክዳን ስንት ነው?»

«አንድ ነው፣ ሼህ።»

«ቁልፉ?»

«አንድ። ይኸው ከአንገቴ።»

«እንግዲህ እስከ ዛሬ አውጫጭኝ ተቀምጠን የጠየቅነው ሰውን ነው። ሰው አልመለሰልንም። አሁን ታንከሩን እንጠይቀው። ለክተህ ቆልፈው። ሦስት ቀን አትሽጥ። እኛ ሽማግሌዎቹ ክዳኑ ላይ እንቀመጣለን፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በተራ። በሦስተኛው ቀን ዘንጉን እናገባለን። ልክ ከሆነ ሌባው ጀብሪል ነው፤ እሱ ስለታሰረ ቆመ ማለት ነው። ከጎደለ ደግሞ ሌባውን ከሥራችን እንፈልጋለን።»

«እሱ ከታሰረ ወዲህስ ጎድሏል?» ብዬ አቶ በላይን ጠየቅኩት። ይህን እስከዚያ ሰዓት አለመጠየቄ ዛሬም ያሳፍረኛል።

«ይጎድላል» አለ አቶ በላይ ቀስ ብሎ። «ግን ዘመዶቹ መስለውኝ ነበር።»

ሦስት ቀን መርሳ ውስጥ ቤንዚን አልተሸጠም። መኪናዎች ማደያው ፊት ቆመው ጥሩምባ ይነፋሉ፤ ሽማግሌዎቹ ክዳኑ ላይ ያነጠፉትን አጎዛ ሳይለቁ በእጃቸው ወደ ወልድያ መንገድ ያሳያሉ። አንድ ሹፌር «ታንከሩ ሞተባችሁ እንዴ፣ ለቅሶ የተቀመጣችሁት?» ብሎ ጠየቀ። ትርንጎ ጠላ ይዛ መጣች፤ በወንዝ ውሃ የተጠመቀ መሆኑን ምላ ተናገረች። ሼህ አብዱሰመድ እንደማይጠጡ እያወቀች «እርስዎም ያሽቱልኝ» አለቻቸው። አሸተቱላትና «ይህ አይነድም» አሉ።

ስንጀምር ዘንጉ ላይ ስልሳ አንድ ጣት ነበር። ቁጥሩን እኔም ጻፍኩ፣ አቶ በላይም ጻፈ፣ ሼሁ ደግሞ ዘንጉን በቢላ ጫር አደረጉት። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ክዳኑ ተከፈተ። አቶ በላይ ዘንጉን ሊያስገባ ካለ በኋላ ተወውና ለእኔ ሰጠኝ። አስገብቼ አወጣሁ። እርጥቡ ከጭረቱ በታች ነበር፤ ብዙ በታች። በጣቴ ለካሁ። ስድስት ጣት ተኩል።

ሁሉም ቀስ ብሎ ወደ እግሩ ሥር አየ።

«ሌባው ተገኘ» አሉ ሼህ አብዱሰመድ። «አሁን ማን ይሰረው?»

ሳቁ ከማደያው እስከ መንገዱ ማዶ ሄደ። አቶ በላይ ግን የቤንዚን መቅጃው ሥር ተቀምጦ ነበር። «ስድስት ዓመት አብሮኝ የበላ ሰው» አለ ለማንም ሳይሆን። በማግስቱ ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ክሱን አነሣ፤ ጀብሪልን ይዞ ወጣ። ይቅርታ ጠየቀው ይላሉ፤ ጀብሪልም «ከእንግዲህ ዘብ የምቆመው ለታንከሩ ነው ወይስ ለመሬቱ?» አለው ይባላል። እኔ አልነበርኩም።

እኔ በዚያ ሰዓት የረሂማን ጉድጓድ እዘጋ ነበር። 'የተበከለ' የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጌ፣ የሰፈሩን ሰው አስተባብሬ በድንጋይና በአፈር አስሞላሁት። ባሏን ያስፈታው ሽታ ውሃዋን ወሰደባት። ጉድጓዱን ከስምንት ዓመት በፊት የቆፈረው ራሱ ጀብሪል ነው፤ ድንጋዩንም የካበው እሱ ነው። አፈሩ ሲሞላ ረሂማ ቆማ አየች። አላመሰገነችኝም፣ አልረገመችኝም። ደስ ይበላት ይክፋት የቸገራት ይመስለኛል። እኔም እንዲሁ ነበርኩ።

ኩባንያው ታንከሩን አስወጥቶ ሌላ ቀበረ። በአሮጌው ሥር ጣት የሚያሳልፍ የዝገት ቀዳዳ ነበረበት። ከመስከረም እስከ መጋቢት የጎደለውን ግን ተቀምጬ ሳሰላ፣ ከጉድጓዱና ከአፈሩ ከወጣው ጋር አልገጥም አለኝ። አብዛኛው የት እንዳለ አላወቅኩም። አለቃዬ «መሬት ጠጥቶታላ» አለ።

በሚያዝያ ለሌላ ሥራ መርሳ ስደርስ ወደ ረሂማ ቤት ጎራ አልኩ። ጀብሪል ማደያው ላይ ነበር። ረሂማ አስገባችኝና ውሃ አመጣችልኝ፤ አሁን የምትቀዳው ከወንዙ ዳር፣ አሸዋ ውስጥ ከተጫረ ጉድጓድ ነው። ጣሳውን ተቀብዬ ወደ አፌ ሳስጠጋው ወይራ አልሸተተኝም። ቀና ብዬ አየኋት።

«አላጠንኩትም» አለች። «ከእንግዲህ እንግዳ አይደሉም።»

ልቤ ተነካ። ልጠጣ ስል ግን ያ ነገር አፍንጫዬን ነካ ያደረገኝ መሰለኝ፤ በጣም ቀጭን፣ እንደ ትዝታ። ከእጄ ይሁን፣ ከጣሳው ይሁን፣ ከውሃው ይሁን አላወቅኩም። ማደያ፣ የረሂማ ጓሮ፣ ወንዝ። ጣሳውን ዝቅ አደረግኩ።

«ምን ይላል?» አለች። የጠየቀችኝ በእርጋታ ነው።

«እንጃ።»

ከእጄ ወስዳ እሷም አሸተተች። ለረዥም ጊዜ አሸተተች። ጣሳውን በመካከላችን አስቀመጠችው።

«ጠዋት እመጣለሁ» አልኳት። «ደብዳቤ አልጽፍም።»

«ይምጡ» አለች ረሂማ። «የላዩን አልደፋም።»